የበሬው ብርና የምናሴ ሹሩባ

እኛ ቆርኬ ከተማ ውስጥ፣ አንድ ሰው የአጥሩን በር ቀለም አስቀብቶ ጣራው የሚያፈስ እንደሆነ፣ ወይም ለልጁ ሠርግ ትልቅ ድንኳን ተክሎ ወጥ ያጠረው እንደሆነ፣ ከጎረቤት አንዱ ራሱን ነቅነቅ ያደርግና አንዲት አጭር አባባል ጣል ያደርጋል። የሰማ ሁሉ ይስቃል። እንግዳ ሰው ግን ግራ ይገባዋል፤ ከጥንት አባቶች የወረደች ትመስለዋለች፣ ትርጉሟን ግን አያገኘውም። እንዴት ያገኘዋል? ገና ጥርስ ያላወጣች ቃል ናት። የተናገሯትን ሽማግሌ አውቃቸዋለሁ፤ የተነገረችበት ልጅም ባለፈው ቅዳሜ በሞተሩ ገበያ አድርሶኝ ሒሳብ አልቀበልም ብሎኛል። ቃሏን አሁን ብነግራችሁ ታሪኩ ይበላሽብኛልና ከመነሻው ልጀምር።

ልጁ ምናሴ ይባላል። ቆርኬ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ሲወርዱ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ የተቀመጠች፣ ከወንበር ይልቅ ሞተር ሳይክል የሚበዛባት ከተማ ናት፤ ሻይ ቤት ገብቶ መቀመጫ ያጣ ሰው ተመልሶ ሞተሩ ላይ ተቀምጦ ይጠጣል። ከነዚያ ሁሉ ሞተረኞች ምናሴን የሚያህል አልነበረም። ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላውም። የአጎቱን የአቶ አንጁሎን አሮጌ ሞተር ይዞ ሰው ያመላልሳል፤ እንቁላል በዘንቢል የያዘች ሴት ከኋላው ተቀምጣ በዚያ በተቦረቦረ መንገድ ብትሄድ አንድም ሳይሰነጠቅባት ትወርዳለች። እሁድ ከሰዓት ደግሞ ወጣቶቹ ከጡብ ማምረቻው ጀርባ ባለው ሜዳ ይሽቀዳደማሉ። ዳኛ የለ፣ ዋንጫ የለ፤ የተሸነፈ ላሸነፈው አምባሻ ይገዛል። ምናሴ አምባሻ ገዝቶ አያውቅም።

አንድ ክረምት ሊወጣ ሲል ከአንድ የሞተር ስፖርት ክለብ የመጡ ሰዎች ያንን ሜዳ አዩና ወደዱት። ከጊፋታ በኋላ ባለው እሁድ እዚያ የሞቶክሮስ ውድድር እናደርጋለን አሉ። ሞቶክሮስ ማለት በአስፋልት ሳይሆን በጭቃ፣ በጉድጓድና በዳገት የሚደረግ የሞተር እሽቅድምድም ነው፤ የእኛ ልጆች ስሙን ሳያውቁት ሲያደርጉት የኖሩት ማለት ነው። አንደኛ የወጣውን ክለቡ ይወስደዋል፤ ሞተር ይሰጠዋል፣ ያሠለጥነዋል፣ በየወሩ ይከፍለዋል። እኔ በከተማችን ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ስለሆንኩ ዳገቱ ላይ ቆመህ ባንዲራ ታውለበልባለህ ተባልኩ። ስለዚህ የምነግራችሁን ሁሉ ከላይ ሆኜ አይቻለሁ።

ወሬው በተሰማ ማግስት አቶ አንጁሎ የሰፈራችንን የቅርጫ ማኅበር ሰበሰቡ። ይኼ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ ሰው ልብሱን አድሶ፣ የተጣላውን ታርቆ፣ ከዘመዱ ጋር ሥጋ በሚያቃጥለው ዳጣ በርበሬ የሚበላበት ቀን ነው። ለዚያ ቀን በሬ የሰፈሩ ወንዶች ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ያጠራቅማሉ። ብር ያዡ አቶ አንጁሎ ነበሩ።

«ወንድሞቼ፣» አሉ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፤ ሲናገሩ መቆም ይወዳሉ፣ «የዘንድሮው የበሬ ብር ለምናሴ ውድድር ይሁን። በሬ በየዓመቱ አለ። እንዲህ ያለ ልጅ ግን በየዓመቱ አይገኝም።»

ሰው ሁሉ ወደ አቶ ላሊሾ ዞረ። አቶ ላሊሾ ከማኅበሩ በዕድሜ የሚበልጡ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ጥርሳቸው ስላለቀ የበሬው ሻኛ ሁልጊዜ የእሳቸው ድርሻ ነው፤ ሻኛ ማኘክ አይጠይቅም።

«በሬ በየዓመቱ እንዳለ አውቃለሁ፣» አሉ። «እኔ በየዓመቱ ስለመኖሬ ግን የነገረህ ማን ነው?»

ሰው ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። ይሁን እንጂ በዚያው ክረምት ሆዳቸውን ሲያማቸው በዶፍ ዝናብ ጤና ጣቢያ ያደረሳቸው ምናሴ ነበር። ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉና፣ «ይሁን እንግዲህ፤ ጎመንም የፈጣሪ ሥራ ነው» አሉ። በዚህ ተፈጸመ።

ብሩ አቶ አንጁሎ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ዕለት ምን እንግዛ ለማለት እቤታቸው ተሰበሰብን። መጀመሪያ የተናገረው ራሱ ምናሴ ነው፤ ይኼን እመሰክርለታለሁ።

«የኋላው ጎማ አልቋል፤ መላጣ ሆኗል፣» አለ። «ባለ ጥርስ ጎማ ልግዛ። የተረፈው ነዳጅ ይሁንልኝና ዳገቱ ላይ ልለማመድ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እዚያ ላይ አሜን ብለን ብንነሣ ኖሮ ይኼ ሁሉ ባልመጣ።

«ጎማ?» አሉ አቶ አንጁሎ፣ ልጁ ለበዓል ጨው ብቻ ይበቃኛል ያላቸው ይመስል። «ልጄ፣ ጎማ እኮ ጭቃ ውስጥ ነው የሚውለው። ማን ያየዋል?»

«ማንም ባያየው ምን ቸገረኝ፤ መሬቱን ከቧጠጠልኝ ይበቃኛል።»

«እስካሁን ሲቧጥጥ አልኖረም? አሁንም ይቧጥጣል። አንተ ስለ ክብርህ አስብ። ከሶዶ፣ ከአርባ ምንጭ ሰው ይመጣል።»

ልብስ ሰፊው ኤፍሬም ጉሮሮውን ጠራረገ። ኤፍሬም የማኅበሩ አባል ነው፤ ለበሬውም ያዋጣ ነው። «ጋሼ አንጁሎ ልክ ናቸው፣» አለ። «ከሌላ አገር የሚመጡት ሙሉ ልብስ ለብሰው ነው የሚመጡት። የእኛ ልጅ በዚህች ሹራብ ቢቀርብ ተመልካች መስሏቸው ከገመዱ ውጭ ያቆሙታል። እኔ ጋ ቀይ ሌዘር አለ። ልክ እንደ ቴሌቪዥኑ አድርጌ ልስፋለት፣ ጀርባው ላይ ስሙን በነጭ ልጻፍለት። ዋጋውን እንደ ወንድም አደርገዋለሁ።»

ያ ቀይ ሌዘር ለአንድ ሰው ሶፋ ከሰፋው የተረፈ ነበር። ሶፋው እስካሁን አለ፤ ተቀምጬበታለሁ።

ምናሴ ልብሱን አልፈልግም አላለም። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ፣ ጀርባው ላይ በትልቁ ስሙ የተጻፈበት ቀይ ልብስ ይሰፋልህ ሲባል እንዴት አልፈልግም ይላል? «ጎማው ካልቀረብኝ እሺ» ብቻ አለ። ጎማው አይቀርብህም፣ ብር ሞልቷል አሉት።

ቀጥሎ ሄልሜት ተገዛ። ይኼስ ደግ ነው፤ ራስ ነውና ይገባል። ግን ከልብሱ ጋር ይስማማ ተብሎ ቀይ ተፈለገ፤ ቀዩ ደግሞ ከሁሉ ውዱ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ የሞተሩ ነዳጅ ታንከር ላይ አንበሳ ይሳልበት ተባለ። ሠዓሊው አንበሳ አይቶ ስለማያውቅ ጎፈሬ ያበጠረ ውሻ ሣለ፤ የሆነ ሆኖ ተከፈለው። ከዚያ ዋናው መንገድ ላይ የምናሴ ፎቶ ያለበት ባነር ይሰቀል ተባለ።

እዚህ ላይ ታላቅ እህቱ ታሪኳ ገባች። ታሪኳ ጸጉር ቤት አላት።

«በዚህ ጸጉር ነው ባነር ላይ የሚወጣው?» አለች የወንድሟን ራስ በሁለት እጇ ይዛ ወዲያና ወዲህ እያዞረች። «ሹሩባ ልሠራው። የድሮ ጀግና ሁሉ ሹሩባ ነበረው። ባነሩ ላይም ከታች በኩል የጸጉር ቤቴ ስም በትንሹ ይግባ።»

«ሄልሜት ያጠልቅ የለም እንዴ?» አልኳት። «ሹሩባውን ማን ያየዋል?»

«ባነሩ ላይ ሄልሜት አያጠልቅማ» አለችኝ። አቶ አንጁሎም ይኼ ትልቅ ሐሳብ ነው ብለው አጨበጨቡ። በእሳቸው ዘንድ ማንም አያየውም የተባለው ጎማው ብቻ ነበር።

ታሪኳ ግማሽ ቀን ፈጅታ ሠራችው። የራሱ ጸጉር አልበቃ ብሏት ሰው ሠራሽ ጨመረችበት፤ ወፍራም ወፍራም አድርጋ ከግንባሩ ወደ ኋላ ጎነጎነችው፤ ለዘይቱና ለሰው ሠራሹ ጸጉር ከበሬው ብር ተቆረጠላት። ሲያልቅ መስታወቱን ሰጠችው። ምናሴ መጀመሪያ አፍሮ ነበር። ከዚያ በጎን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ አየ። ከዚያ «እስቲ ያንን ልብስ አምጡልኝ» አለ። ከዚያች ቀን በኋላ ጎማ የሚል ቃል ከአፉ መጥፋት ጀመረ።

በመጨረሻ የተረፈችውን ብር አቶ አንጁሎ ለሞንታርቦ ኪራይ አደረጓት። አንድ ባጃጅ ሞንታርቦ ጭኖ «የቆርኬ አንበሳ፣ ምናሴ» እያለ ከተማውን ሲዞር ዋለ። ነገሩን ሳሰበው እስካሁን ይገርመኛል። ኤፍሬም ያዋጣውን በልብሱ መለሰ፤ ታሪኳ የባሏን መዋጮ በሹሩባው መለሰች፤ ባነሩን ያተመው፣ ሞንታርቦውን ያከራየው፣ ሁሉም የማኅበሩ ሰው ነው። በሬው ሳይታረድ ብሩን ተቃረጥነው ማለት ነው።

ጊፋታ ደረሰ። በሌላው ሰፈር በሬ ሲወድቅ በእኛ ሰፈር ጎመን ታጠበ። የጥብስ ሽታ ነፋስ ይዞት ሲመጣ ልጆቻችን አጥር ላይ ወጥተው አፍንጫቸውን ወደዚያ ያቀናሉ። ሚስቶቻችን ለሥጋው ብለው ያጠራቀሙትን ቅቤ ሁሉ ጎመኑ ላይ አፈሰሱት፤ እንደዚያ በቅቤ የሰከረ ጎመን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልበላሁም። አቶ ላሊሾ ጎመናቸውን ለረጅም ጊዜ አኘኩ።

በበዓሉ ማግስት ምናሴ ሞተሩን ለማየት ጎንበስ ሲል ጎማውን አየ። ያን ጊዜ ደነገጠ። ወደ አጎቱ ሮጠ።

«ጋሼ፣ ጎማው።»

«ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። እንደነበረ ነው።»

አቶ አንጁሎ ኪሳቸውን ዳበሱ። ከኪሳቸው የሞንታርቦው ደረሰኝ ወጣ። ትንሽ አሰቡና ልጁን ይዘው ወደ አደባባይ ወረዱ፤ አንድ ሊስትሮ አስነሥተው ጎማውን በጥቁር ቀለም አስቀቡት፣ በብሩሽ አስመቱት፣ በጨርቅ አስወለወሉት። ጎማው እንደ ሙሽራ ጫማ አበራ።

«አሁን ማን አሮጌ ነው ይለዋል?» አሉ አቶ አንጁሎ። ምናሴ በጎማው ላይ የራሱን ሹሩባ ደብዘዝ ብሎ አየው ይባላል። እኔ እዚያ አልነበርኩም።

ከከተማችን ሌላ አንዲት ተወዳዳሪ ነበረች፤ ኬዚያ ትባላለች። ኬዚያ ከገጠር ቀበሌዎች ወተት ሰብስባ በሞተር ወደ ከተማ የምታመጣ፣ ከእኩዮቿ ጋር ብዙ የማትቀላቀል ልጅ ናት። ያኔ ቤተሰቧ ከሌላ ወረዳ ከመጣ ገና ዓመቱ ስለነበር ሰፈር የለኝም ብላ ነበር የምታስበው። ባነር የሚሰቅልላት፣ ልብስ የሚሰፋላት፣ ጸጉር የሚጎነጉንላት ማንም አልነበረም። እንግዲህ ወዳጅ ስላልነበራት ጎማ ገዛች። አዲስ እንኳ አይደለም፤ ሶዶ ሄዳ ጥርሱ ያላለቀ ያገለገለ ጎማ ገዛች። የቀራትን ብር ነዳጅ አድርጋ በየጠዋቱ ወተቱን ካደረሰች በኋላ ያንን ዳገት ስትወጣና ስትወርድ ሰነበተች። ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ አያታለሁ። ትወድቃለች፣ ትነሣለች፣ ጭቃውን ታራግፋለች፣ እንደገና ትወጣለች። ሰላም ብላት ራሷን ብቻ ትነቀንቃለች።

የውድድሩ ዕለት ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ሜዳው ረጥቦ ዳገቱ ድልህ መስሏል። ሰው ከየአቅጣጫው መጣ። የእኛ ሰፈር ሰዎች የጊፋታ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ አቶ አንጁሎ ባነሩን ከመንገድ አስወርደው በሁለት ረጃጅም እንጨት ላይ አስተክለው፣ ከዳገቱ ሥር፣ ዳገቱን ወጥቶ የወረደ የሚያልፈው የመጨረሻ መስመር አጠገብ ቆሙ። ከዚያ የተሻለ ማየት የሚቻልበት ቦታ የለም ብለው ጠዋት በማለዳ መጥተው የያዙት ቦታ ነው። አቶ ላሊሾ በርጩማ ተሰጥቷቸው ከፊት ተቀመጡ።

ከክለቡ የመጣው ሰው ሞተሮቹን አንድ በአንድ እየዞረ ያያል። ምናሴ ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ ልብሱን አየ፣ ጎንበስ ብሎ ጎማውን አየ።

«ይኼ ጎማ አዲስ ነው?» አለ፣ የሚያበራውን ነገር እያደነቀ።

«ገና በዚህ ሳምንት ነው የተወለወለው» አለ ምናሴ። ውሸት አልተናገረም። ሰውዬው ሌሎች ተወዳዳሪዎች ወረፋ ይጠብቁት ስለነበር አለፈ።

ችግሩ የመጣው ሄልሜት አጥልቁ ሲባል ነው። ሄልሜቱ ሲገዛ የተለካው ሹሩባው ሳይሠራ ነበር። ምናሴ ቢገፋው አልወርድ አለ፤ በዚያ ወፍራም ጉንጉን ላይ፣ ጉልቻ ላይ እንደተጣደ ድስት ተንጠልጥሎ ቀረ። ኤፍሬም ከላይ ሆኖ ተጫነው። አልወረደም።

«ታሪኳ፣ ነይ ፍቺው» አለ ምናሴ።

«ምኑን ነው የምፈታው? ግማሽ ቀን የፈጀሁበትን?» አለች። «ደግሞ አሸንፈህ ፎቶ ስትነሣ በምን ልትታይ ነው?»

በመጨረሻ ኤፍሬም ከኪሱ የቀይ ሌዘር ቁራጭ አወጣና የሄልሜቱን ማሰሪያ አስረዝሞ አገጩ ሥር ቋጠረለት። ሄልሜቱ ወደ ፊት ስላዘመመ ምናሴ የሚያየው ከታችኛው ጠርዝ ሥር ባለችው ክፍተት ብቻ ነው። «ይታይሃል?» ስለው፣ «ሰማዩ አይታየኝም እንጂ መሬቱ ይታየኛል» አለኝ። ይበቃል ብዬ ባንዲራዬን ይዤ ወደ ዳገቴ ወጣሁ።

ፊሽካው ተነፋ። እንዳየሁት እነግራችኋለሁ፤ በሜዳው ላይ ምናሴን የሚስተካከል አልነበረም። ያ ልጅ ሞተር የሚነዳ አይመስልም፣ ተወልዶ አብሮት ያደገ ይመስላል። የጉድጓዱን ዝላይ እንደ ወፍ አለፈው። ከሶዶ የመጡት ሙሉ ልብስ ለባሾች ከኋላው ቀሩ። ኬዚያ በወንድሟ የዝናብ ካፖርት ተጠቅልላ መካከል ላይ ነበረች። የእኛ ሰፈር ጩኸት ዳገቱን አናወጠው። አቶ አንጁሎ ባርኔጣቸውን ወደ ላይ ወርውረው አልያዙትም።

ምናሴ ዳገቱ ሥር አንደኛ ሆኖ ደረሰ። ጋዝ ሰጠ። ሞተሩ ጮኸ፣ ትንሽ ወጣ፣ ከዚያ ቆመ። ጎማው ግን አልቆመም። በጭቃው ላይ በቀለም የተወለወለው መላጣ ጎማ እንደ እንዝርት ይሽከረከራል፤ የሚቧጥጠው ጥርስ ስለሌለው የያዘውን ጭቃ ሁሉ ወደ ኋላ ይወረውራል። ከኋላ ማን አለ? የእኛ ሰፈር። ጠዋት በማለዳ መጥተው የያዙት ቦታ። የመጀመሪያው ጭቃ ኤፍሬምን አገኘው፣ ሁለተኛው የታሪኳን ነጭ ቀሚስ፣ የተቀረው እንደ በረዶ ሁሉንም እኩል አዳረሰ። ሰው እየጮኸ ይሸሻል፤ የሚሸሸው ደግሞ ወደሚቀጥለው ጭቃ ነው።

በዚህ መካከል ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ሄልሜቱ ዞረ። የኤፍሬም ቋጠሮ ይዞታልና አልወለቀም፤ ዞሮ ዐይኑን ሸፈነው። ምናሴ ምንም አያይም። የሚሰማው የሞተሩ ጩኸትና የሰፈሩ ሰው ጩኸት ብቻ ነው። ጭቃ ስለጠገበ የሚጮኸውን ሰው፣ እሱ እያሸነፈ ስለሆነ የሚጮህለት መሰለው። ጋዝ ጨመረ። ጩኸቱም ጨመረ። እኔ ከላይ ቢጫ ባንዲራዬን እያውለበለብኩ «ቁም፣ ቁም» እላለሁ፤ እሱ በኋላ እንደነገረኝ «ቅደም፣ ቅደም» ያልኩት መስሎታል። ሌሎቹ በግራና በቀኙ እያለፉ ሲወጡ እሱ ዳገቱን ጨርሶ ሌላ ዙር የጀመረ መስሎት አንድ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ለሕዝቡ ሰላምታ ሰጠ።

እጁን ሲያነሣ ጋዙን ለቀቀ፤ ሞተሩ ጠፋ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። እንዲህ ያለ ክብር ያለው መንሸራተት አይቼ አላውቅም። ቀጥ ብሎ እንደተቀመጠ፣ እጁ እንደተነሣ፣ ወደ ኋላ ወረደ፤ የመጨረሻውን መስመር በጀርባው አለፈና ባነሩን ከተከሉት እንጨቶች አንዱን መታ። ባነሩ ወደቀ። የምናሴ ትልቅ ፊት ከነሹሩባው የሰፈራችንን ሰዎች ሁሉ እንደ ብርድ ልብስ አለበሳቸው።

አቶ አንጁሎ ከባነሩ ሥር ወጡና በቀጥታ ወደ ክለቡ ሰው ሄዱ። ከዐይናቸው በቀር ሁሉ ነገራቸው ጭቃ ነበር።

«መስመሩን መጀመሪያ ያለፈው ማን ነው?» አሉ።

«ልጅዎ ነው፣ ግን...»

«ግን የሚባል ነገር የለም። አልፏል ወይስ አላለፈም?»

«አባቴ፣ ወደ ኋላ እኮ ነው ያለፈው።»

«ወደ ኋላ ማለፍ አይቻልም ብላችሁ ቀድማችሁ ተናግራችኋል?»

ሰውዬው ለአፍታ በእውነት አሰበ። ያዳነው ኬዚያ ናት። እነሱ ሲከራከሩ እሷ ዙሯን ጨርሳ፣ ያንን ዳገት እንደ ደረጃ ወጥታ፣ ወርዳ፣ ከሁሉም ቀድማ መስመሩን በፊቷ አለፈች። ሞተሯን አቆመችና ማንም ሳይነግራት ወደ ምናሴ ሄደች፤ ያን ሁሉ ጊዜ ዐይኑ ተሸፍኖ ባነር ላይ ተቀምጦ ነበር። ከወተት ጀሪካኖቿ አንዱን በውሃ ሞልታ አመጣች፤ ሞተሩን የምታስርበትን ቦታ ለማግኘት በኋላው ጎማ ላይ አፈሰሰችው። ጭቃውም የሊስትሮውም ቀለም አብሮ ወረደ። ጎማው ባዶውን ቀረ። በገመድ ጎትታ ከጭቃው አወጣችለት።

«አመሰግናለሁ» አለ ምናሴ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ እያየ።

ሄልሜቱን ለማውለቅ ኤፍሬም ከላይ፣ ታሪኳ ከትከሻው ይዘው ጎተቱ። ቧ ብሎ ወለቀ። ሹሩባው እንደተሠራ ነበር፤ አንድም ጭቃ አልነካውም፣ ዘይቱ በፀሐይ ያበራል። ከሥሩ ያለው ፊት ግን ሊያለቅስ የደረሰ የልጅ ፊት ነበር። ጭቃ የለበሱትን ጎረቤቶቹን አየ። ማንም አልሳቀም።

«የጎመኑን ነገር ይቅር በሉኝ» አለ።

አቶ አንጁሎ እልሁ አልወጣላቸውም። «ምን ጎደለን?» አሉ። «ልብስ አለ፣ ባነር አለ፣ ሞንታርቦ አለ። ልጄ፣ ጎማው እንዲህ መሆኑን እያወቅህ ለምን አልተናገርክም?»

«ተናግሬ ነበር ጋሼ፣» አለ ምናሴ። «ከዚያ መስታወት አየሁ።»

አቶ አንጁሎ ተጠግተው ጭቃ በሆነ እጃቸው የልጁን ትከሻ ያዙት፤ «ጥፋቱ የእኔም ነው» አሉ በዝግታ።

ኬዚያ ክለቡ ገባች፤ ዛሬ ስሟን የማያውቅ ሞተረኛ በአካባቢያችን የለም። ምናሴ በሚቀጥለው ዓመት ከራሱ ገቢ ከሁሉ በፊት ጎማ፣ ከዚያ ነዳጅ ገዛ፤ ጸጉሩን ተላጭቶ፣ በዚያችው ቀይ የሶፋ ልብስ ተወዳድሮ ሦስተኛ ወጣ። እኛም በሬያችንን አረድን፤ አቶ ላሊሾም በሕይወት ነበሩና ድርሻቸውን በሉ። ቃሏ የተወለደችው ግን በዚያች በጭቃዋ እሁድ ነው። የአካባቢው ሬዲዮ ጋዜጠኛ ንጹሕ ሰው ፈልጎ ሲያጣ፣ በርጩማቸው ላይ ሳይነቃነቁ የተቀመጡትን አቶ ላሊሾን አገኘና ማይክሮፎኑን ወደ አፋቸው አስጠጋ። በማግስቱ ከሶዶ እስከ አርባ ምንጭ የተሰማው ያኔ የመለሱለት ነው።

«አባባ፣ ይኼ ልጅ ምን ጎድሎት ነው የተሸነፈው?» ሲል ጠየቃቸው።

አቶ ላሊሾ ከጋቢያቸው ላይ ጭቃውን በጣታቸው ጠረጉ፤ መጀመሪያ የምናሴን ራስ አዩ፣ ቀጥሎ የታጠበውን ጎማ አዩና፣ «ምን ይጎድለዋል ልጄ፤ ከላይ ሹሩባ፣ ከታች መላጣ» አሉ።